ከጋምቤላ አዲስ አበባ፦ ስንቅ ቋጥሮ መውጣት

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ጎረቤቶቼና የድሮ ታካሚዎቼ ግን ዛሬም «ሲስተር» እያሉ ይደውላሉ። በዚህ ሰሞን ጥያቄያቸው ሁሉ ስለ መንገድ ነው። «ልጆቹን ይዤ አዲስ አበባ ልወጣ ነው፣ ምን ልሰንቅ?» «ለልጅ ልጆቼ የሠራሁት ዶሮ ወጥ ጅማ እስክንደርስ ይቆያል ወይ?» «አምና ለምግብ ያወጣሁት ከትኬቱ በለጠብኝ፣ ዘንድሮስ እንዴት ላድርግ?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከመመለስ የዛሬውን ዓምድ ለዚሁ ላውለው ብያለሁ። የምጽፈው ስለምኖርበት መንገድ ነው፤ ከሌላ ቆላ ተነስታችሁ ረጅም መንገድ የምትሄዱ አንባቢዎችም እንደሚጠቅማችሁ አምናለሁ።

መንገዳችን ከጋምቤላ ተነስቶ በቦንጋ በኩል (የእኛዋን ቦንጋ ማለቴ ነው፣ የካፋዋን አይደለም) ወደ ቡሬ ይወጣል። ከዚያ ጎሬን፣ መቱንና በደሌን አልፎ በጅማ ወይም በነቀምቴ አድርጎ አዲስ አበባ ይገባል። ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በሕዝብ ማመላለሻ ለሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ አዳር አለው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ግድም ላይ ስትሆን ጎሬ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጠዋት በላብ ተጠምቆ የወጣ መንገደኛ ጎሬ ሲደርስ ጋቢ ፍለጋ ቦርሳውን ይበረብራል። ብርዱ ደስ ይላል፤ እስከዚያ ድረስ ግን ስንቁ በተዘጋ መኪና ውስጥ፣ በሰውና በዕቃ መካከል፣ ሰዓታት በሙቀት አሳልፏል። ጎሬ ላይ መቀዝቀዙ ቆላ ላይ የተበላሸውን ምግብ መልሶ አያድነውም። ስለ መንገድ ስንቅ የምለው ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡ

አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። አያት፣ እናት፣ አባትና ሁለት ልጆች፣ በድምሩ አምስት ሰው። የመጀመሪያው ቀን ቁርስ፣ ምሳና እራት፣ የማግስቱ ቁርስና ምሳ፣ በአጠቃላይ አምስት ማዕድ ይሆናል። አምስት ሰው በአምስት ማዕድ ሲባዛ 25 ሳህን ነው። ውኃው፣ ሻዩ፣ ለስላሳው፣ ሱቅ በደረቴዎች በመስኮት የሚያቀብሉት ብስኩትና ማስቲካ ገና አልተቆጠረም።

አሁን እናቃልለው። የመጀመሪያውን ቁርስ እቤት በልታችሁ ውጡ፤ አምስት ሳህን ወረደ። የሁለቱን ቀን ምሳ ከስንቅ ብሉ፤ አሥር ወረደ። የማግስቱን ቁርስ በያዛችሁት ዳቦ አድርጉና ሻይ ብቻ እዘዙ፤ ሌላ አምስት ወረደ። የቀረው የአዳሩ እራት ብቻ ነው፣ አምስት ሳህን። እሱንም በአንድ ትሪ በጋራ ከበላችሁት ሦስት የሰው ምግብ ሊበቃ ይችላል። ዋጋ አልጽፍላችሁም፤ ጋዜጣው እጃችሁ እስኪገባ ሊለወጥ ይችላል። እናንተው በምታውቁት ዋጋ የአንድ ሳህን ምግብ በ25 አባዙ፣ ቀጥሎም በአምስት አባዙ። ልዩነቱን ተመልከቱት፤ የስንቅ ማዘጋጃውን ቀንሳችሁም ቢሆን የሚተርፈው ቀላል አይደለም።

ይህ ገንዘብ ለብዙዎቻችን የትርፍ ገንዘብ አይደለም። በሥራ ዘመኔ ሪፈር ተጽፎላቸው ወደ ላይ ወደ ትልልቅ ሆስፒታሎች የሚሄዱ ብዙ ቤተሰቦችን ሸኝቻለሁ። አንዲት እናት አይረሱኝም፤ ለሕክምና ብለው ፍየሎቻቸውን ሸጠው ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር ሄዱ። ሲመለሱ የሐኪሙ ማዘዣ እጃቸው ላይ ነበር፤ ከታዘዙት ሦስት መድኃኒቶች የገዙት አንዱን ብቻ ነው። «ገንዘቡ የት ገባ?» ስላቸው «እኔ እንጃ ልጄ፣ መንገድ በላው» አሉኝ። መንገድ የበላው ውኃ፣ ለስላሳ፣ ብስኩትና የአምስት ማዕድ ምግብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሪፈር ወረቀት ለያዘ ሰው ሁሉ «ስንቅ ቋጥረሃል ወይ?» ማለትን ከምክሬ ጋር ደመርኩት። ወደ ዩኒቨርሲቲ ልጅ ለሚልክ ወላጅም ያው ነው፤ መንገድ ላይ ያልባከነው ብር ለደብተርና ለሳሙና ይሆናል።

ምን እንያዝ?

መልሱ አንድ ቃል ነው፦ ደረቅ። ምግብ የሚያበላሹ ተሕዋስያን ለመራባት እርጥበት ይፈልጋሉ። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን በማይክሮስኮፕ አላዩትም፤ ግን ያውቁታል። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተው ሠራዊት በሶና ቆሎ የሰነቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

በሶ የስንቆች ሁሉ አለቃ ነው። የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፤ ደረቅ እስከሆነ አይበላሽም፣ ቦታ አይወስድም፣ ሆድ ይይዛል። ጥቂት ስኳር ወይም ጨው ጨምሩበትና በንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ ጠጡት፤ ወይም ጠበቅ አድርጋችሁ ጭብጦ አድርጉት። የበጠበጣችሁትን ግን ለኋላ አታቆዩት፣ እዚያው ይለቅ።

ጭኮም ጥሩ ነው፤ በእኛ ሙቀት ቅቤው ቀልጦ ቦርሳ ስለሚያበላሽ ክዳኑ ጠበቅ ባለ ዕቃ ያዙት። ቆሎን ከገብስ፣ ከሽምብራና ከኦቾሎኒ አሰባጥራችሁ እቤት ቁሉ፤ በትንንሽ ፌስታል ተቋጥሮ መናኸሪያ ላይ ከሚሸጠው በብዙ ይረክሳል። ዳቦ ቆሎ በርበሬው ቀለል ይበል፤ ውኃ ያስጠማል፣ ውኃ ደግሞ ገንዘብ ነው።

ድፎ ዳቦ፣ አምባሻ ወይም ቂጣ የምሳችን መሠረት ነው። ዳቦው ከዋዜማው ይጋገርና በደንብ ይቀዝቅዝ። ትኩሱን ፌስታል ውስጥ ከከተታችሁት በላቡ ይሻግታል፤ ንጹሕ ጨርቅ ይሻለዋል። ለማባያ ቋንጣ ጠብሳችሁ ያዙ። ቋንጣው በእጅ ሲሰበር «ቀጭ» ማለት አለበት፤ የሚተጣጠፍ ከሆነ አልደረቀም። ክረምት ላይ በእኛ እርጥበት በአግባቡ ስለማይደርቅ በበጋ ያዘጋጃችሁት ከሌለ ይቅርባችሁ። በጾም ወቅት የኦቾሎኒ ቅቤ ጥሩ ምትክ ነው፤ ያለ ፍሪጅ ይቆያል፣ ልጆችም ይወዱታል።

እኔ ለአምስት ሰው ለሁለት ቀን የምይዘው ይህን ነው፦ ሁለት ድፎ ዳቦ፣ አንድ ኪሎ ተኩል ቆሎ፣ አንድ ኪሎ ዳቦ ቆሎ፣ ግማሽ ኪሎ በሶ፣ ሩብ ኪሎ ቋንጣ ወይም አንድ ጠርሙስ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ጥቂት ስኳርና ጨው በየብልቃጡ፣ አንድ ፔርሙዝ ትኩስ ሻይ። ከዚህ ውስጥ አንድ ማዕድ የሚሆነውን ለብቻው ቋጥሬ እስከ መጨረሻው አልነካውም። ክረምት ነው፤ ጎማ ይፈነዳል፣ ጭቃ ይይዛል፣ መንገድ ይዘጋል። የሚበላ ነገር በማይገኝበት ቦታ አምስት ሰዓት የቆመ ሰው ያን ቋጠሮ ያመሰግነዋል።

ምን እቤት እንብላ?

ዶሮ ወጥ፣ ሽሮ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ወተት፣ የተጠበሰ ዓሣና የተቀቀለ እንቁላል ለዚህ መንገድ ስንቅ አይሆኑም። የበሰለ ምግብ ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ ይባላል፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ። ጋምቤላ በየካቲትና በመጋቢት 40 ዲግሪ ትነካለች፤ በክረምትም ቢሆን በሰው የተሞላ መኪና ውስጡ ይፋጃል። ዶሮ ወጣችሁ ጅማ ሊደርስ ቀርቶ ቡሬን ሳያልፍ ጊዜው አልቋል። አገልግል ተይዞ የሚኬደው ለአጭር መንገድ፣ ለደጋ አገር ነው።

«ሸትቶኝ አያውቅም» የሚሉ አሉ። በሽታ የሚያመጣ ምግብ ሁልጊዜ አይሸትም፣ አይኮመጥጥምም። «እናሞቀዋለን» የሚሉም አሉ። አንዳንዶቹ ተሕዋስያን በምግቡ ውስጥ የሚተዉት መርዝ ማሞቅ አያጠፋውም። በዚህ ዓይነቱ መመረዝ ማስመለሱ ምግቡ ከተበላ ከግማሽ ሰዓት ጀምሮ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይመጣል፤ ያ ማለት መኪናው ውስጥ፣ አቀበቱ መሐል ማለት ነው። የሦስት ዓመት ልጅ በዚያ ሁኔታ ተቅማጥና ትውከት ቢይዘው ወጪው ምን ያህል እንደሚሆን አስቡት። ከመኪና መውረድ፣ ያልታሰበ አዳር፣ ካርድ፣ ግሉኮስ። ለአንድ ዶሮ ስስት ይህ ሁሉ አይከፈልም።

ስለዚህ ጥሩ ጥሩውን ከመውጣታችሁ በፊት ብሉት። እንቁላሉም፣ ዓሣውም ቁርስ ይሁን። የኑዌር ጎረቤቶቼ ሌሊት ተነስተው ዋልዋል በወተት አብልተው ነው ልጆቻቸውን የሚያሳፍሩት። ጠግቦ የወጣ ልጅ መቱ እስኪደርስ አያስቸግርም።

ለዘመድ የሚወሰደው ደረቅ ዓሣ የስጦታ ዕቃ ነው፤ ከስንቁ ለይታችሁ በደንብ ጠቅልሉት። ይህን የምለው ለንጽሕናው ብቻ አይደለም፣ አብሯችሁ ለተሳፈረው ሰው አፍንጫም ስል ነው። ማንጎ ካላችሁ ጠንካራ ጠንካራውን ምረጡ፣ ሳይላጥ አጥባችሁ ያዙ፣ የሚበላው ሲላጥ ብቻ ነው።

ውኃ

ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያፈሰው ውኃ ነው። አምስት ሰው በየፌርማታው አንዳንድ ሃይላንድ ሲገዛ ቁጠሩት። ከዋዜማው ውኃ አፍሉ፤ ከተንፈቀፈቀ በኋላ አንድ ደቂቃ ይቆይ፣ ደጋ ላይ ላላችሁ ሦስት ደቂቃ። ሲቀዘቅዝ በደንብ በታጠበ ሃይላንድ ወይም ጀሪካን ሙሉት። ማፍላት ካልተቻለ ውኃ አጋርን ዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ለአምስት ሰው አሥር ሊትር ይዞ መውጣት ብዙ አይደለም። ሽንት ቤት ፍራቻ ውኃ የሚተዉ አረጋውያን አሉ፤ እባካችሁ አትተዉ፣ ራስ ምታቱና ማዞሩ ከዚያ ነው የሚመጣው። ረዳቱን «ልጄ፣ አንድ ጊዜ አቁምልን» ማለት ነውር አይደለም።

ከውኃው ጋር ሁለት ከረጢት ኦ.አር.ኤስ. ይኑራችሁ። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ሕይወት ያድናል። አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይም። ልጁ ካስመለሰ አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። ከጠፋ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጡ፤ ጨው አታብዙ። ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ ከደነዘዘ፣ ዓይኑ ከሰረጎደ ወይም ሰገራው ደም ካለው ግን «አዲስ አበባ ስንደርስ» አትበሉ። የሚቀጥለው ከተማ ላይ ውረዱ።

ለትንንሾችና ለትልልቆች

ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ፈንዲሻና ዳቦ ቆሎ አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥ። በሚንገጫገጭ መኪና ውስጥ፣ ሲስቅ ወይም ሲያለቅስ፣ አንድ ፍሬ የአየር ቧንቧ ሊዘጋ ይችላል። ታላላቆቹም ቆሏቸውን ለትንሹ እንዳያካፍሉ ንገሯቸው። ትንሽ ልጅ ትን ብሎት ማሳልም መተንፈስም ካቃተው ወደ ፊት አጎንብሳችሁ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፍ አምስት ጊዜ ምቱት። ካልወጣ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ ከኋላው ሆናችሁ ከእምብርቱ በላይ አምስት ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ጫኑ፤ ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ ሆዱን ሳትነኩ ደረቱን መሐሉ ላይ በሁለት ጣት አምስት ጊዜ ጫኑ። እስኪወጣ ሁለቱን አፈራርቁ። ሳታዩ ጣት አፉ ውስጥ አትክተቱ፤ ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ስንቁ የእናቱ ጡት ነው፤ ውኃም አያስፈልገው። ከዚያ በላይ ላለው ሙዝ ወይም አቮካዶ በንጹሕ ማንኪያ ፈጭቶ ማብላት ከፋብሪካ ምግብ ይረክሳል፣ ይሻላልም። ማር ዓመት ላልሞላው አትስጡ።

ስኳር ያለባችሁ አያቶች መድኃኒት ወስዳችሁ ማዕድ አትዝለሉ። እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ላብ ሲያጠምቅ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ጠጡና ዳቦ አስከትሉ። በሌላው ጊዜ ግን ለስላሳ ይቅር፤ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ። ደም ግፊት ያለባችሁ ቋንጣውና ዳቦ ቆሎው ጨው እንዳይበዛበት ሲሠራ ተናገሩ።

ከመንገድ የሚገዛው

ሁሉን ከቤት እንጭን አልልም። ዓይናችሁ እያየ የተጠበሰ እሸት በቆሎ፣ ከድስት በእንፋሎቱ የሚወጣ ቅቅል በቆሎ፣ ትኩስ ሻይ፣ የሚላጥ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ይህ ሁሉ በየመንገዱ ዳር ርካሽና ደህና ነው። አቮካዶ ገዝታችሁ በያዛችሁት ዳቦ ብትበሉ የሁለተኛው ቀን ምሳ ከንጉሥ ማዕድ አያንስም። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ትንሽ ሳሙና በቦርሳ አይጥፋ። እራት ስትገቡ ከማዘዛችሁ በፊት ዋጋ ጠይቁ፣ የሚፋጅ ትኩስ ምግብ እዘዙ፣ ሰላጣውን እለፉት።

ልጆች በየፌርማታው «ግዙልን» እንዳይሉ ለየራሳቸው ትንሽ ቋጠሮ ስጧቸው፤ «የዛሬ ድርሻችሁ ይህ ነው» በሉ። የራሱን ቋጠሮ የያዘ ልጅ ራሱ ይቆጥባል። ለየልጁ አንድ አንድ ነገር የመግዣ ትንሽ ብር ከሰጣችሁ ደግሞ መስኮት ሥር ከመጣው መጀመሪያ አይገዛም፤ ሲመርጥ፣ ሲያስብ መንገዱ ያልቅለታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ስታሰሉ አምስት አፍ ብላችሁ አትቁሙ፤ ስድስት በሉ። በእኛ አገር ስንቅ ፈትቶ ብቻውን የሚበላ የለም፤ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው «እንብላ» መባሉ አይቀርም፣ መባልም አለበት። ምናልባት ያ ሰው ሪፈር ወረቀት ኪሱ ይዞ፣ የመድኃኒቱን ብር ላለመንካት ከጠዋት ጀምሮ ያልበላ ይሆናል። አንድ ጭብጥ ቆሎና አንድ ቁራሽ ዳቦ ከእናንተ ምንም አያጎድልም።

መልካም መንገድ ያድርግላችሁ። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።